የሄለን ማየርን እጅ ብቻ አይተን አንፍረድ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ጽሑፍ ላከልኝ። በሻምላ ግጥሚያ ስፖርት፣ በፌንሲንግ፣ ትወዳደር ስለነበረችው ጀርመናዊት ስለ ሄለን ማየር ነው። «አንብበው፣ ለልጅህም አሳያት» ብሎ ጨምሮበታል። ልጄ ፌንሲንግ ከጀመረች ሦስት ዓመት ስለሆናት ነው። አነበብኩት። ለልጄ ግን አላሳየኋትም። ከጽሑፉ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ስህተት ነው፤ ስህተቱ ደግሞ የተከመረው ከሞተች ሰባ ዓመት ባለፋት፣ ለራሷ መልስ መስጠት በማትችል ሴት ላይ ነው። ይህ ነው እንድጽፍ ያደረገኝ።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው የሚነሱት ከአንድ ፎቶ ነው። ቦታው በርሊን፣ ጊዜው ኦገስት 1936 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሦስት ሴቶች የሽልማት መድረክ ላይ ቆመዋል። አንዷ ረጅም፣ ፀጉሯ ወርቃማ፣ ልብሷ ነጭ ነው። ቀኝ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ የናዚን ሰላምታ ትሰጣለች። ሄለን ማየር ናት። አባቷ አይሁዳዊ ነበሩ።

ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው አምስት ነገር ይላሉ። ናዚዎች የፈጠሯት ኮከብ ናት ይላሉ። አይሁዳዊነቷን በሜዳሊያ ለወጠች ይላሉ። ግሬተል በርግማን የምትባለው ሌላዋ አይሁዳዊት አትሌት «ለሂትለር አልወዳደርም» ብላ ስትቀር እሷ ሄደች ይላሉ። ሰላምታው ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው ይላሉ። በመጨረሻም ሂትለር በሚገዛት ጀርመን ተመችቷት ኖረች ይላሉ። ከዚያ በአንድ ቃል ይዘጉታል፤ «ከሃዲ»።

መልሴን ከመጀመሬ በፊት ስለ ስፖርቱ ትንሽ ልበል። የሄለን መሣሪያ ፎይል ነበር። ፎይል ቀጭንና ቀላል ሻምላ ነው። ነጥብ የሚቆጠረው በጫፉ ደረትን፣ ሆድን ወይም ጀርባን ስትነካ ብቻ ነው። እጅና እግር አይቆጠሩም። ዛሬ መነካትህን መብራት ይናገራል። በሄለን ዘመን መብራት አልነበረም። ረዳት ዳኞች ግራና ቀኝ ቆመው በዓይናቸው ይከታተሉ ነበር። ዓይን ደግሞ ይስታል። ስለዚህ የተነካ ሰው ራሱ «ተነክቻለሁ» ማለቱ የስፖርቱ ትልቁ ክብር ነበር። በ1932 ሎስ አንጀለስ ላይ ጁዲ ጊነስ የምትባል እንግሊዛዊት ለወርቅ ስትጋጠም ዳኞቹ ሁለት ንክኪ አመለጣቸው። «ተነክቻለሁ» አለቻቸው። ወርቁ ለኦስትሪያዊቷ ለኤለን ፕራይስ ሆነ፤ ጁዲ ብር ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። የልጄ አሰልጣኝ ይህን ታሪክ ለጀማሪዎች ሁሉ ይነግራል። እኔም ጸሐፊው በነኩኝ ቦታ ተነክቻለሁ እላለሁ። ባልነኩኝ ቦታ ግን ነጥብ አልሰጥም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው። ናዚዎች ፈጠሯት የሚለው ጨርሶ አይሆንም። ዓመቶቹ አይገጥሙም። ሄለን የተወለደችው ዲሴምበር 20 ቀን 1910 በኦፈንባክ ነው። ፍራንክፈርት አጠገብ ያለች ከተማ ናት። አባቷ ሐኪም ነበሩ። በከተማው የፌንሲንግ ክለብ ገና በልጅነቷ ገባች። አሰልጣኟ አርቱሮ ጋዜራ የሚባሉ ጣልያናዊ ነበሩ። በ1925 የጀርመን ሻምፒዮን ሆነች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ እስከ 1930 ድረስ በየዓመቱ ማዕረጉን ማንም አልነጠቃትም። በ1928 አምስተርዳም ላይ በአሥራ ሰባት ዓመቷ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። ሃያ ግጥሚያ አደረገች፣ አሥራ ስምንቱን አሸነፈች።

በዚያው በ1928፣ በሜይ ወር፣ ጀርመን ውስጥ ምርጫ ተደርጎ ነበር። የሂትለር ፓርቲ ያገኘው ድምፅ 2.6 በመቶ ነው። ከ491 የምክር ቤት መቀመጫ 12 ብቻ። አስቡት። ሄለን በአገሩ ሁሉ ስሟ ሲጠራ እነሱ ገና የጥግ ፓርቲ ነበሩ። በ1929 እና በ1931 ደግሞ የአውሮፓ ሻምፒዮና ይባል የነበረውን፣ ኋላ የዓለም ሻምፒዮና ተብሎ የተመዘገበውን ውድድር አሸነፈች። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ በስፖርቷ ያላሸነፈችው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ1932 ሎስ አንጀለስ ላይ አምስተኛ ወጣች። ጸሐፊው ይህን «ወደቀች» ብለው በአንድ ቃል አልፈውታል። እኔ ግን አላልፈውም። ለመወዳደር ስትዘጋጅ ነው የፍቅር ጓደኛዋ በውትድርና ልምምድ ላይ መሞቱ የተነገራት። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ ከሞቱ ገና ዓመት ከምናምን ነው። እንዲህ ሆና ጭምብሏን አጥልቃ ገባችና አምስተኛ ወጣች። ይህን «ወደቀች» የሚል ሰው ፌንሲንግ ምን ያህል ሐሳብ መሰብሰብ እንደሚፈልግ አያውቅም።

ከኦሎምፒኩ በኋላ ለትምህርት ካሊፎርኒያ ቀረች። ስክሪፕስ ኮሌጅ ገባች። ሐሳቧ ቋንቋና ዓለም አቀፍ ጉዳይ ተምራ የጀርመን ዲፕሎማት መሆን ነበር። በጃንዋሪ 1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። በዚያው ዓመት ያሳደጋት የኦፈንባክ ክለብ ስሟን ከአባላት መዝገብ ሰረዘ። ከጀርመን የተሰጣትም የትምህርት ድጋፍ ተቋረጠ። የአባቷ ዘር ነው ምክንያቱ። ዲፕሎማት የመሆን ነገርም አበቃለት። እና «ናዚዎች የፈጠሯት» የተባለችው ልጅ ይህች ናት? ከክለቧ ያባረሯት እነሱ ናቸው። አሜሪካኖቹ ረዷት፣ ትምህርቷን ጨረሰች፣ ኦክላንድ በሚገኘው ሚልስ ኮሌጅ ጀርመንኛ ማስተማር ጀመረች። ሻምላውንም አልጣለችም። በ1934 እና በ1935 የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነች።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። አይሁዳዊነቷን ለወጠች የሚለው።

እኛ ዘርን በአባት እንቆጥራለን። ስማችንም በአባት ነው። ስለዚህ «አባቷ አይሁዳዊ ነበሩ» ሲሉን ወዲያው «እንግዲያ እሷም ናት» እንላለን። ጸሐፊውም ያደረጉት ይህንኑ ይመስለኛል። በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ ግን የሚታየው እናት ናት። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ይህን ከማናችንም በላይ ያውቁታል። «እናትህ ማን ናት? የእናትህ እናትስ?» የሚለው ጥያቄ የስንቱን ቤተሰብ ጉዞ ለዓመታት አስቀርቷል። የሄለን እናት ክርስቲያን ነበሩ። እሷም በአይሁድ እምነት አላደገችም። ራሷን የምታየው እንደ ጀርመናዊት ነበር። የአይሁድነትን ስም አውጥተው የለጠፉባት ናዚዎች ናቸው። በ1935 የወጡት የኑረምበርግ ሕጎች ሁለት አይሁዳዊ አያት ያለውን ሰው «ድቅል» ብለው በደረጃ መደቡት።

እና እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። አንድን ሰው «ማንነትህን ካድክ» ከማለታችን በፊት፣ ያ ማንነት የማን መለኪያ እንደሆነ እንጠይቅ። ጸሐፊው ሳያስቡት የተጠቀሙበት መለኪያ የኑረምበርግ ነው። እንዳላሰቡት እርግጠኛ ነኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ጽሑፋቸው ከተበዳዮች ጎን ለመቆም የተጻፈ ነው። ለዚህም ነው በቁጣ ሳይሆን በአክብሮት ልመልስላቸው የምሞክረው።

አሁን ሦስተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ግሬተል በርግማን «አልወዳደርም» አላለችም። ይህ ስህተት ነው። ለእሷም ክብር ሲባል መታረም አለበት። ግሬተል የተወለደችው በ1914 በላውፕሃይም ነው። ከፍታ ዘላይ ነበረች። አባትና እናቷ ሁለቱም አይሁዳውያን ነበሩ። በ1933 ከክለቧ ስትባረር ወደ እንግሊዝ ሄደች። በ1934 የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆነች። ከዚያ ናዚዎቹ ተመለሺ አሏት። ቤተሰቧ ጀርመን ነበር፤ ካልተመለሰች ምን እንደሚደርስባቸው ገብቷታል። ተመለሰች። ከጀርመን ቡድን ጋር ለኦሎምፒኩ ተዘጋጀች። ጁን 27 ቀን 1936 ስቱትጋርት ላይ 1 ሜትር ከ60 ዘለለች። ከጀርመን ክብረ ወሰን ጋር እኩል ነው። መዝለል ትፈልግ ነበር። አንዲት አይሁዳዊት ምን መሥራት እንደምትችል ልታሳያቸው ትፈልግ ነበር።

ጁላይ 15 የአሜሪካ ቡድን ማንሃተን በምትባለው መርከብ ከኒውዮርክ ተነሳ። ጁላይ 16፣ ማለትም በማግሥቱ፣ ለግሬተል ደብዳቤ ተጻፈላት። ብቃትሽ በቂ ስላልሆነ አልተመረጥሽም ይላል። አንድ ቀን። አሜሪካኖቹ ባሕር ላይ እስኪሆኑ ጠበቁ። በርሊን ላይ በሴቶች ከፍታ ዝላይ ሦስቱም ባለሜዳሊያዎች የዘለሉት 1 ሜትር ከ60 ነው። ወርቁን የወሰደችው ሃንጋሪያዊት ኢቦያ ቻክ በተጨማሪ ዝላይ ተለየች። እሷም አይሁዳዊት ነበረች። ግሬተል በ1937 ወደ አሜሪካ ሄደች። በ2017 በ103 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ያን ደብዳቤ አልረሳችውም። የጀርመን አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ክብረ ወሰኗን የመለሰላት በ2009 ነው።

ይህን የምዘረዝረው ሄለንን ለማዳን ብዬ አይደለም። ጸሐፊው ሁለቱን ሴቶች አንዷን ጀግና፣ አንዷን ከሃዲ አድርገው ጎን ለጎን አቁመዋቸዋል። እውነቱ ግን ሁለቱም የአንድ ጨዋታ መያዣ ነበሩ። አንደኛዋን ለማሳያ አስቀሯት፣ ሌላዋን ካሳዩ በኋላ ጣሏት።

ማሳያ ያልኩት ለማን ነው? ለአሜሪካ። በ1935 አሜሪካ ውስጥ «በርሊን አንሄድም» የሚል ትልቅ እንቅስቃሴ ነበር። የአሜሪካ አማተር አትሌቲክስ ኅብረት መሪ፣ የፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ጀረማያ ማሆኒ፣ አንሂድ አሉ። የአሜሪካ ኦሎምፒክ ኮሚቴ መሪ ኤቨሪ ብራንዴጅ እንሂድ አሉ። ጄኔራል ቻርለስ ሼሪል የሚባሉት የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ጀርመን ድረስ ሄደው ሂትለርን አነጋገሩ። የፈለጉት ቢያንስ አንድ አይሁዳዊ በጀርመን ቡድን ውስጥ እንዲገኝ ነበር። አንድ ስም። አሜሪካ ተመልሰው «ይኸው አለ» የሚሉት ስም። ያ ስም ሄለን ማየር ሆነ። በዲሴምበር 1935 ኅብረቱ ድምፅ ሰጠ፤ ልዩነቱ በጣም ጠባብ ነበር። እንሂድ ያሉት አሸነፉ።

ናዚዎቹስ? በ1936 መጀመሪያ ላይ ለጋዜጦች መመሪያ ተላለፈ። ስለ ሄለን ማየር ዘር ምንም አትጻፉ፣ ለወርቅ ስለመጠበቋም አትጻፉ ተባሉ። ውጭ «አይሁዳዊት አለችን» እያሉ ያሳዩአታል፣ አገር ቤት አፍ ያዘጋሉ። ጸሐፊው ስለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አልጻፉም። ብራንዴጅ የሉም። ሼሪል የሉም። ጽሑፉን ያነበበ ሰው በርሊን ኦሎምፒክ የተካሄደው በአንዲት የሃያ አምስት ዓመት አስተማሪ ፈቃድ ነው ሊመስለው ይችላል።

«አይሆንም» ያለውን ሰው ምን እንዳደረጉትም እንመልከት። አሜሪካዊው የኮሚቴ አባል ኧርነስት ሊ ጃንኪ ውድድሩን ተቃወሙ። በጁላይ 1936 ከዓለም አቀፉ ኮሚቴ ተባረሩ። ወንበራቸው ለማን ተሰጠ? ለብራንዴጅ። ብራንዴጅ ኋላ ከ1952 እስከ 1972 የኮሚቴው ፕሬዚዳንት ሆኑ። የእኛ አበበ ቢቂላ ሮም ላይና ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ የዓለም ኦሎምፒክ የበላይ እሳቸው ነበሩ። ሄለን «ከሃዲ» የሚል ስም ስታተርፍ እሳቸው ሃያ ዓመት ሙሉ በመሪነት ወንበር ተቀምጠዋል። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ስለዚያ ዓመት ሳነብ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ሌላ ነገር አለ። በእኛ አቆጣጠር በርሊን የተካሄደው በ1928 ዓ.ም. ነው። ሄለን ወርቅ የወሰደችበት የአምስተርዳሙ ዓመትም በነሱ 1928። ቁጥሩ አንድ፣ ዓለሙ ሌላ። በእኛ 1928 ሚያዝያ 27 የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 23 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ቆመው ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ። ከዚያ አንድ ወር ብቻ ቆይቶ ዓለም በርሊን ላይ ተሰብስቦ እርግብ ለቀቀ። ትልልቆቹ «ጉዳዩ አይመለከተንም» ሲሉ ምን እንደሚመስል የእኛ አያቶች ያውቁታል። ስለዚህ ይህን ታሪክ በአማርኛ ስንጽፍ ከሁሉ በፊት ትልልቆቹን ብንጠይቅ ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ ግን ተነክቻለሁ የምልበት ቦታ አለ። ጸሐፊው «መቅረት ይቻል ነበር» ይላሉ። አዎ፣ ይቻል ነበር። የቀሩ አሉ። ኦስትሪያዊቷ ዋናተኛ ዩዲት ዶይች አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አልሄድም አለች። ሩት ላንገር እና ሉሲ ጎልድነርም አብረዋት ቀሩ። የአገሯ ፌዴሬሽን ዩዲትን ከውድድር አገዳት፣ ክብረ ወሰኖቿን ሰረዘ። ይቅርታ የጠየቃት በ1995 ነው። ከሄለን ስፖርት ደግሞ ፈረንሳዊው አልበርት ዎልፍ ነበር። ለፈረንሳይ ቡድን ተመርጦ ሳለ ቀረ። ኋላ ለአሜሪካ ተወዳደረ። ጸሐፊው ምሳሌ ከፈለጉ እነዚህን መጥቀስ ነበረባቸው። በርግማንን አይደለም።

ሄለንም ልትቀር ትችል ነበር። አሜሪካ ነበረች። ሥራ ነበራት። ሂጂ ብሎ በመሣሪያ ያስገደዳት የለም። እናቷና ሁለት ወንድሞቿ ጀርመን ነበሩ፤ ይህ ከብዷት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቤተሰቧን አግተውባት ነው የሄደችው ብዬ አልከራከርም። መሄድ ፈልጋለች። እንደ ሙሉ ጀርመናዊት ዜጋ እንድትቆጠር ፈልጋለች፣ ጠይቃለችም። የተቀማችውን ነገር በሻምላዋ የምታስመልስ መስሏታል። ተሳስታለች። ትልቅ ስህተት ነው። ግን ስህተትና ክህደት አንድ አይደሉም። አገሬ ትቀበለኛለች ብሎ በተዘጋ በር ላይ ደጋግሞ የሚያንኳኳ ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ በስደት ብዙ አይቻለሁ።

አራተኛው ሰላምታው ነው። ይህ ከሁሉም ይከብደኛል።

መጀመሪያ ስለ መድረኩ። ወርቁን የወሰደችው ሃንጋሪያዊቷ ኢሎና ኤሌክ ናት። ብሩ የሄለን፣ ነሐሱ የኤለን ፕራይስ። ኢሎናና ሄለን ሁለቱም በትውልዳቸው የአይሁድ ሐረግ ያላቸው ሴቶች ነበሩ። የኢሎናም አባት አይሁዳዊ ነበሩ። ናዚዎች የዘር ንጽሕናን ሊያሳዩ በሠሩት መድረክ ላይ የወርቁንና የብሩን ቦታ እነዚህ ያዙት። ጸሐፊው ይህን ሳይጠቅሱ ፎቶውን ብቻ መግለጻቸው ታሪኩን ግማሽ ያደርገዋል። ኢሎና ኤሌክ ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ለንደን ላይ ወርቁን ደገመች። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ አርባ አምስት ዓመቷ ሆኖ ብር ወሰደች። ለብቻዋ ጽሑፍ የሚገባት ሴት ናት።

እጁን በተመለከተ፦ መድረክ ላይ የወጡ ጀርመናውያን ያን ሰላምታ ይሰጡ ነበር። የታዘዘና የተለመደ ነገር ነበር። ይህን ስል ግን አላቃልለውም። ያን ፎቶ ያዩ አይሁዳውያን ምን እንደተሰማቸው እናውቃለን። ድሬስደን ይኖሩ የነበሩ አንድ አይሁዳዊ የቋንቋ ሊቅ በዚያው ወር ማስታወሻቸው ላይ ስለ ሄለን ጽፈዋል። የትኛው ይበልጥ ኀፍረት የለሽ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም ብለው ነው የጻፉት፤ እሷ ለዚያ መንግሥት ጀርመናዊት ሆና መቅረቧ ወይስ መንግሥቱ የእሷን ድል የራሱ ማድረጉ። እኚህ ሰው ከሥራቸው ተባርረው፣ ነገ ምን እንደሚመጣ እየፈሩ የሚኖሩ ነበሩ። የመፍረድ መብት ያላቸው እሳቸው ናቸው። እሳቸው እንኳ ሁለቱንም ወገን ነው የጠየቁት። ጸሐፊያችን ግን አንዱን ብቻ ጠየቁ።

ተነክቻለሁ። ያ እጅ መነሳት አልነበረበትም። ልጄ አንድ ቀን ያን ፎቶ ስታይ ያማታል፣ እኔንም ያመኛል። ግን «ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም» የሚለውን አልቀበልም። ፎቶ የአንድ ሰከንድ ነገር ነው። የአንድን ሰው አርባ ሁለት ዓመት በአንድ ሰከንድ መጠቅለል ፍርድ አይሆንም።

በዚሁ ውድድር ላይ አሜሪካኖቹም አይሁዳውያን ልጆቻቸውን ምን እንዳደረጉ ባጭሩ ልጨምር። በሩጫና ዝላይ ቡድናቸው ሁለት አይሁዳውያን ብቻ ነበሩ። ማርቲ ግሊክማን እና ሳም ስቶለር። ሁለቱም ለ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ተዘጋጅተው ነበር። ውድድሩ በሚጀመርበት ጠዋት አስወጧቸው። ሁለቱ ሳይሮጡ ተመለሱ። ያስወጧቸው አሰልጣኞች ናዚ አልነበሩም።

የመጨረሻው ነጥብ አጭር ነው፣ ምክንያቱም ፈጽሞ ስህተት ስለሆነ። ሄለን በሂትለር ጀርመን አልኖረችም። ከበርሊን በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ወደ ማስተማር ሥራዋ ተመለሰች። በ1937 ፓሪስ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ኢሎና ኤሌክን በልጣ አንደኛ ወጣች። ከበርሊኑ ብር በኋላ የመጣ ወርቅ ነው፤ ጸሐፊው አልጠቀሱትም። ከዚያ በኋላ ለጀርመን አልተወዳደረችም። የአሜሪካን ሻምፒዮና በጠቅላላው ስምንት ጊዜ አሸነፈች። የመጨረሻው በ1946 ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር። የአሜሪካ ዜግነትም ወሰደች። የ1940 እና የ1944 ኦሎምፒኮች በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄዱም። በስፖርቷ የበሰለችባቸው ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

ወደ ጀርመን የተመለሰችው በ1952 ነው። ሂትለር ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። አንድ መሐንዲስ አገባች። የጡት ካንሰር ይዟት ነበር። በኦክቶበር 1953 አረፈች። አርባ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷት ነበር። ከጋብቻዋ እስከ ሞቷ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። «ተመችቷት ኖረች» የተባለው ይህ ነው። አገሯ ሄዳ ልትሞት የተመለሰች ሴት ናት ቢባል ይቀርባል።

ስለ በርሊን በአደባባይ ብዙ ሳትናገር ነው የሞተችው። ጸሐፊው ዝምታዋን እንደ ጥፋተኝነት ቆጥረውታል። እኔ በዝምታ ላይ አልፈርድም። አሁን ሙኒክ ውስጥ ለ1972 ኦሎምፒክ በተሠራው የአትሌቶች መንደር በስሟ የተጠራ መንገድ አለ። ይገባታል ወይስ አይገባትም ብለው የሚከራከሩ ይኖራሉ። ይከራከሩ። ክርክር ጥሩ ነው። ብቻ ከክርክሩ በፊት ዓመቶቹና ስሞቹ ይስተካከሉ።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። «ከሃዲ» የሚለው ቃል የእርስዎ አስተያየት ነው፣ ባልስማማበትም ልቀይርልዎት አልችልም። የግሬተል በርግማን ጉዳይ ግን አስተያየት አይደለም። «አልወዳደርም አለች» የሚለውን እባክዎ ያርሙት። ለመዝለል ተዘጋጅታ፣ የሚያበቃትን ዘልላ፣ በደብዳቤ ነው የቀረችው። ከጎኗም የዩዲት ዶይችን ስም ይጻፉልን። ያን ካረሙ ጽሑፍዎንና ይህን የእኔን ምላሽ አንድ ላይ ለልጄ እሰጣታለሁ። ቅዳሜ ልምምድ አላት፤ መኪና ውስጥ ሃምሳ ደቂቃ ስላለን እዚያ እናወራበታለን።